ሰባት ቁጥር ወንበር

ስልኳ ሲጠራ ሰልሰቢል ሰባት ቁጥርን እየለጠፈች ነበር። በአንድ እጇ ወረቀቱን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ይዛ፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ስለነበር ቶሎ አላነሳችውም። የደወለችው የክፍል ጓደኛዋ ሕሊና ናት።

«የት ደረስሽ?» አለች ሕሊና፣ ሰላም እንኳ ሳትላት። «ሰዉ እየበዛ ነው። በሩ ሊከፈት አንድ ሰዓት ቢቀረው ነው። ቦታሽን በቦርሳዬ ይዤልሻለሁ።»

«መንገድ ላይ ነኝ» አለች ሰልሰቢል።

መንገድ ላይ አልነበረችም። ከጠዋት ጀምራ የደባርቅ ከተማ ሜዳ ውስጥ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት ነበረች። ሕሊና የተሰለፈችው ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ነው፤ በመካከላቸው መቶ እርምጃ ቢኖር ነው። ጮክ ብላ ብትጣራ ያለ ስልክም ትሰማት ነበር።

ወንበሮቹ የአባቷ ናቸው። አቶ ሙሐመድአወል ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳንና ወንበር ያከራያሉ፤ በደባርቅ ከእነዚህ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ያልተቀመጠ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን በአንዳቸውም ላይ ቁጥር ተለጥፎ አያውቅም። ቁጥሩን ያመጣው ከጎንደር የመጣው የኮንሰርቱ አዘጋጅ ነው። መቶ ሃያ ወንበር ከመድረኩ ፊት ይደረደራል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ያለው ሰው በፈለገው ሰዓት መጥቶ ይቀመጣል። ከወንበሮቹ ኋላ ገመድ ይወጠራል። ከገመዱ ወዲያ ያለው ሜዳ የመደበኛ ትኬት ነው፤ የመጣ ሁሉ ይቆማል፣ ቀድሞ የመጣ ገመዱን ይይዛል።

ዘፋኙ ላቀው ነው፣ የዳባቱ ላቀው። ዳባት ተወልዶ፣ ሰው ባወቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ስሙ በየባጃጁ የሚሰማ ሆኗል። ወደ ደባርቅ ይመጣል ከተባለ ጀምሮ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ «ቁም»፣ ግማሹ «ቁጭ» ተባለ። የቁሞች አለቃ እንዳለው የሚባለው ልጅ ነበር፤ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሙ ልጅ ስለሆነ ለእሱ መቆም ምንም አያስከፍለውም። የክርክሩን ልብ ግን የተናገረችው ሕሊና ናት።

«ቁጭ ብሎ ያየማ ስብሰባ ነው የሄደው» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ሳቁ ሲበርድ ደግሞ ኮስተር ብላ፣ መቆም ደስ የሚላት ሁሉም እኩል ስለሆነ ነው አለች። ማልዶ የመጣ ይቀድማል፣ አለቀ። የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም። ወንበር ላይ ግን ማንም ቀድሞ አይመጣም፣ ቦታው አስቀድሞ የተጻፈለት ሰው ነው ያለው።

ሰልሰቢል ያን ቀን ከሕሊና ጎን ተቀምጣ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። በልቧ ግን ከቁጮች ጋር ነበረች። አጭር ናት። ባለፈው ዓመት በዚሁ ሜዳ ላይ በተደረገው የበዓል ዝግጅት ሦስት ሰዓት ቆማ ያየችው የአንድ ሰውዬ ጃንጥላ ብቻ ነው። ሰው ሲገፋት ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ይህንን ለሕሊና እንኳ ነግራት አታውቅም፣ ሼም ነው። ለማንኛውም ሁለቱም መደበኛ ትኬት ቆረጡ። ገመዱን አብረው እንደሚይዙ፣ የመጀመሪያውን ዘፈን አብረው እንደሚጮሁ ተማማሉ።

ረቡዕ ማታ አባቷ ከእራት በኋላ ነጭ ትኬት ከኪሳቸው አወጡ። አዘጋጁ ለወንበሮቹ ባለቤት የሰጠው ነው፤ አንድ ብቻ። የፊተኛው ረድፍ፣ ሰባት ቁጥር። ጀርባው ላይ እንደተጻፈው፣ በፊተኛው ረድፍ የሚቀመጡ ከዘፈኑ በፊት ከላቀው ጋር ፎቶ ይነሳሉ። «አንቺ ተቀመጪበት» አሏት አባቷ፣ «ክረምቱን ሙሉ ወንበር ስታጥቢ ከርመሻል።» ሰልሰቢል ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራትም።

ሐሙስ ለሕሊና ልትነግራት አስባ ነበር። አርብም አስባ ነበር። ነገር ግን ሕሊና ስለ ገመዱ፣ ስለ ማልዶ መነሳቱ፣ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ስታወራ ያ ሁሉ ደስታ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ሰልሰቢልም አፏን ከፍታ መልሳ ትዘጋዋለች። ቅዳሜ ደረሰ። የሚያሳፍረው ደግሞ ከኮንሰርቱ በኋላ የምትናገረውን ውሸት ሳይቀር አዘጋጅታለች፦ ሰዉ በዝቶ ገመዱ ድረስ መድረስ አቃተኝ፣ ከኋላ ሆኜ አየሁ። ሰማያዊውን ሂጃቧን ሕሊና ከሩቅ ስለምትለየው የእናቷን ቡናማ ለብሳ መጥታለች።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ሰልሰቢል ከመድረኩ ጎን፣ ከአባቷ የድንኳን ሸራ ኋላ ሆና የሰዉን ሩጫ አየች። ሕሊናን ለመለየት አልተቸገረችም፤ ቀይ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ ከፊት ከሮጡት ሦስት አራት ልጆች አንዷ ነበረች። ገመዱን መሃል ላይ ያዘችው። ወዲያው ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ የአንድ ሰው ቦታ ከለከለች።

ብዙም ሳይቆይ መልእክት ገባ። «መሃል ላይ ነኝ። ቦታሽ አለ።»

«ሰልፉ ረጅም ነው፣ እየመጣሁ ነው» ብላ ጻፈች ሰልሰቢል፤ ስልኩንም ድምፁን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ባለ ወንበሮቹ አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ፤ ነጋዴዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ከጎንደር በመኪና የመጡ ወጣቶች። ሰልሰቢል ከእነሱ ጋር ተቀላቅላ ገብታ ሰባት ቁጥር ላይ ተቀመጠች። መድረኩ ከፊቷ ነው፤ የማይክራፎኑን ሽቦ ሳይቀር ታየዋለች። ማንም አይገፋትም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ነገር ግን ጀርባዋን እንደ ብርድ የሚነካት ነገር ነበረ፤ ከስድስት ረድፍ ኋላ ሕሊና ቆማለች፣ ክንዷም ምናልባት እስካሁን እንደተዘረጋ ነው። አንገቷን አቀርቅራ ጫማዋን ታይ ጀመር።

የዳባት ሰዎች የመጡት ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። የላቀው ዘመዶች ናቸው፤ አሥራ አራት ይሆናሉ፣ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ዱላቸውን ይዘዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። የጥሪ ካርድ ተልኮላቸዋል፤ ካርዱ ላይ ግን የወንበር ቁጥር የጻፈበት ሰው የለም። ወንበሩ ደግሞ ሞልቷል።

አዘጋጁ ጎንደር ላይ ቁጥሩን ሲያትም ደባርቅ ምን ዓይነት አገር እንደሆነ የነገረው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ገና ወደ ረድፉ ሲጠጉ የፊት ወንበሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ።

«ኖር» አለ አንዱ።

«ኖር፣ ኖር» አሉ ሌሎቹም እየተነሱ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» እያሉ ሽማግሌዎቹ በተለቀቀላቸው ሁሉ ላይ ተቀመጡ። የተነሱት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወዳሉት ሲሄዱ እዚያ ያሉ ልጆች ደግሞ ለእነሱ ተነሱ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አራት ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ፣ ሃያ ሰባት አርባ አምስት ላይ ሆነ። ጥቁር ቲሸርት የለበሰው አስተባባሪ ዝርዝሩን ይዞ ከረድፍ ረድፍ ይሮጣል። አንዱን ሽማግሌ በትሕትና የወንበር ቁጥራቸውን ጠየቃቸው።

«ቁጥር ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?» አሉት ሽማግሌው ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል እያስተካከሉ። «ሰው አይደለሁም ወይ?»

ሰልሰቢል ልነሳ ወይስ አልነሳ ብላ አላሰበችም። አንዲት ቀጭን አሮጊት ከፊቷ ሲቆሙ እግሯ ቀድሟት ተነስቷል፤ «ኖር» ያለችውም ከቆመች በኋላ ነው። አሮጊቷ እትዬ ወለተ ሥላሴ የላቀው አክስት ናቸው። ከተቀመጡ በኋላ እጇን ይዘው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፤ ስትነግራቸው አባቷ በወንድማቸው ለቅሶ ላይ ድንኳን ያለ ኪራይ እንደተከሉላቸው አስታውሰው መረቋት። ሰልሰቢል ምርቃቱን ተቀብላ ዞር ስትል መቆሚያ አልነበራትም። አስተባባሪው ከወንበራቸው የተነሱትን ወጣቶች ሁሉ ሰብስቦ፣ ተጨማሪ ወንበር እስኪመጣ ከኋላ፣ ገመዱ ጋ እንዲቆዩ አዘዘ።

ገመዱ ጋ።

አንገቷን ደፍታ ዳር ዳሩን ልትሄድ ሞከረች። አልሆነም። ሰዉ መሃል ላይ ገፍቶ አቆማት፤ ቀና ስትል ሕሊና ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ናት። ከንጋት ጀምሮ በነፋስ የተመታ ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። በግራ እጇ ገመዱን ይዛለች። የቀኝ ክንዷ አሁንም ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ከክንዷ ሥር የአንድ ሰው ባዶ ቦታ አለ። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሃል ያ ባዶ ቦታ እስካሁን መቆየቱ ለሰልሰቢል የማይታመን ሆነባት።

«ሰልሲ» አለች ሕሊና፤ ሙሉ ፊቷ በራ። «በወንበሩ በኩል አስገቡሽ? አባትሽን እያገዝሽ ነበር፣ አይደል? አላልኩሽም?» የመጨረሻውን ያለችው ወደ ኋላዋ ዞራ፣ አንገቷን ለማስገባት ስትታገል ለቆየች አንዲት ትንሽ ልጅ ነው። «ይቺ ከድብ ባሕር በጠዋት መኪና የመጣች ናት። ጓደኛሽ አትመጣም፣ ቦታውን ልቀቂልኝ ስትለኝ ነው የዋለችው። እኔ ደግሞ ሰልሲ ከተናገረች ትመጣለች አልኳት።» ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ አወጣች። «አስቀርቼልሻለሁ። ግቢ፣ በገመዱ ሥር ግቢ።»

መልሱ ተዘጋጅቶ ቀርቦላታል። አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ውሸት እንኳ ነው ማለት አይቻልም፤ እውነትም ወንበር ስትደረድር ነው የዋለችው። በገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ ትገባለች፣ ዳቦውን ይካፈላሉ፣ የመጀመሪያውን ዘፈን አብረው ይጮኻሉ። ሕሊና መቼም አታውቅም። ሰልሰቢል ጎንበስ አለች፤ እጇም ገመዱን ነካ። ከዚያ የድብ ባሕሯን ልጅ አየቻት። ልጅቷ ተሸንፋ፣ ቅር ብሏት፣ ቦታው በእርግጥም የሌላ ሰው መሆኑን አምና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ነበር።

ሰልሰቢል ቀና አለች።

«መንገድ ላይ አልነበርኩም» አለች።

«እህ?»

«ስትደውዪልኝ እዚህ ውስጥ ነበርኩ። ወንበር ነበረኝ፣ የፊተኛው ረድፍ። እንደምትጠብቂኝ እያወቅኩ ሄጄ ተቀመጥኩ።» ድምፅዋ እየሟሸሸ ሄደ፤ ቢሆንም የቀረውን አሁን ካልተናገረችው እንደማትናገረው ታውቃለች። «ሽማግሌዎቹ ባይመጡ ኖሮ አልመጣም ነበር።»

ሕሊና ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። የሰልሰቢልን ዓይን ስታይ ግን ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ቡናማውን ሂጃብ አየችው፣ እጇ ላይ ያለውን ነጭ ትኬትም አየችው።

«ትኬቱ ከመቼ ጀምሮ ነው ያለሽ?»

«ከረቡዕ።»

ሕሊና ከረቡዕ ወዲህ ያወሩትን ሁሉ በልቧ እየቆጠረች እንደሆነ ሰልሰቢል ከፊቷ አነበበች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። መንደራቸው አንድ ነው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስትናደድ እንዴት እንደምትሳደብ ታውቃለች። ሕሊና ግን አልተሳደበችም።

«ብትነግሪኝ እኮ ተቀመጪ ነበር የምልሽ» አለች በመጨረሻ። «እስቅብሽ ነበር። ሳምንት ሙሉ እፎግርሽ ነበር። ግን ተቀመጪ ነበር የምልሽ።»

እውነቷን ነው፤ ሕሊና እንዲያ ነበር የምትለው። ያን ሁሉ ውሸት የዋሸችው ለማንም ሳይሆን ከአንድ ሳምንት ሳቅ ለማምለጥ መሆኑ ለሰልሰቢል ገባት።

ሕሊና ዓይኗን ከእሷ ላይ አነሳች። ክንዷ ደክሞታል።

«ቦታውን ለሰው ልስጠው?» አለች፣ መድረኩን እያየች።

ሰልሰቢል የድብ ባሕሯን ልጅ ደግማ አየቻት።

«ስጪው» አለች።

ሕሊና ክንዷን አጠፈች። የድብ ባሕሯ ልጅ እስኪነግሯት አልጠበቀችም፤ ሾልካ ገብታ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች። ሕሊና ዳቦውን አይታ፣ ትንሽ አመነታችና ለልጅቷ ሰጠቻት።

ከወንበሮቹ መሃል አንድ ሰው ስሟን እየጠራ መጣ። ታላቅ ወንድሟ ሪያድ ነው። አባታቸው ከመጋዘን ተጨማሪ ወንበሮች በባጃጅ አስጭነው አምጥተዋል፤ ለእሷም ፊት ላይ፣ ከእትዬ ወለተ ሥላሴ ጎን ቦታ ተገኝቶላታል፤ ፎቶው ሊጀመር ነውና ቶሎ ትምጣ። ይህን ሁሉ ሪያድ ሕሊና በምትሰማበት ድምፅ ተናገረ። ሕሊና ወደ እነሱ አልዞረችም።

ሰልሰቢል ወደ ፊት አየች። ወንበሩ ከዚህ ይታያል፤ ሰማያዊ፣ ባዶ፣ ቁጥር የሌለው። ላቀው ከመድረኩ ጎን ብቅ ብሎ ሰዉ ጮኸ። መሄድ ትፈልጋለች፤ አሁንም፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም ትፈልጋለች። ይህንንም ከራሷ አልደበቀችም።

«ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው ሪያድን። «እኔ ከኋላ እቆማለሁ።»

«አንቺ? ከኋላ?» አለ ሪያድ፤ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «የሰው ጀርባ ልታዪ ነው?»

«ሲያልቅ በትልቁ በር በኩል ጠብቀኝ።»

በገመዱ ሥር ጎንበስ ብላ ገባች፣ ከሕሊና ራቅ ብላ። ሰዉ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከወንበር መጥታ ልትቀድም መስሏቸው ነው። «ወደ ኋላ ነው የምሄደው» ስትላቸው ግን መንገድ ለቀቁላት። ወደ ኋላ የሚሄድን ሰው የሚከለክል የለም። በአንድ ጎን አረጋሽ የምትባል የሰፈራቸው ልጅ እህቷን አዝላ፣ በሌላ ጎን ላብ ያጠመቃቸው ወንዶች ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ሁሉንም አለፈቻቸው። ትከሻ ሲነካት ትንፋሿ እንደ ልማዱ ተቆራረጠ፤ ቆም እያለች፣ አየር እየወሰደች ሄደች። ሰዉ ሲሳሳ፣ ሣሩ ሲታይ መጨረሻው ላይ ደረሰች።

እዚያ እንዳለውን አገኘችው። የቁሞች አለቃ እንቅልፍ ጥሎት አርፍዶ፣ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆሟል። ስታየው ልትስቅ ምንም አልቀራትም። እሱም ሲያያት ደነገጠ፤ ሕሊና ከጠዋት ጀምሮ ቦታ እንደያዘችላት ሰምቷል። ምን ሆና እዚህ እንደመጣች ጠየቃት፤ ሰልሰቢልም ሳትቀንስ ነገረችው። እንዳለው ቁም ወይስ ቁጭ ብሎ ሳይከራከር የሰማው የመጀመሪያ ታሪክ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሲያበቃ ስልኩን አወጣ።

«ልደውልላት? ወንበሩን ትተሽ እዚህ መቆምሽን ልንገራት።»

«ተው፣ አትንገራት» አለች ሰልሰቢል።

«ለምን?»

«ከሰማች ይቅር ማለት ያለባት ይመስላታል።» ትንሽ አሰበች። «እስክትፈልግ ድረስ ትቆጣ። ሰኞ ራሴ አናግራታለሁ።»

እንዳለው ትከሻውን ሰብቆ ስልኩን መለሰ። ሙዚቃው ተጀመረ፤ ሜዳው አንድ ላይ ጮኸ። ሰልሰቢል በእግር ጣቶቿ ቆመች፣ ዘለለች፣ አንገቷን አሰገገች። የሚታየው ጀርባና ወደ ላይ የተነሳ ስልክ ብቻ ነው። ተረከዟን መልሳ መሬት አስነካች።

«ምን ይታይሃል?» አለችው።

እንዳለው እያየ ነገራት። ላቀው ነጭ ጃኬት ለብሷል። አክስቱን አቅፎ ሳማቸው። አሁን ማይክራፎኑን እንደያዘ ከመድረክ ወርዷል፤ በወንበሮቹ መሃል አልፎ ወደ ኋላ እየሄደ ነው፣ ገመዱ ጋ ደርሷል፣ የቆሙትን ሰዎች እጅ እየጨበጠ ነው።

«መሃል ላይ ደረሰ?»

«ቆይ።» እንዳለው ግንባሩን በእጁ ጋረደ። «ቀይ ሹራብ ያሰረችው ሕሊና አይደለችም?»

«ናት። ጨበጣት?»

ሰልሰቢል እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ጨበጣት» አለ። «ከጎኗ ያለችውንም ትንሽ ልጅ።»

ሰልሰቢል ከልቧ ደስ አላት። እዚያ ቆማ ቢሆን ኖሮ የልጅቷ እጅ የእሷ ይሆን ነበር የሚለው ሐሳብ የመጣባት ቆይቶ ነው፤ ሲመጣም አሳመማት፣ ደስታዋን ግን አልወሰደባትም። የእንዳለውን እጅጌ ለቀቀች፤ ሁለት እጇን ከሰዉ ራስ በላይ አንስታ ማጨብጨብ ጀመረች።